ዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ ያከራየ ጊዜ

ከፉሪ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ስሙን አልጠራም። ራስ ገዝ ሆኗል ተብሏል፤ ስሙንም ራሱ ይጥራ።

ራስ ገዝ የሆነ ሰሞን አጥሩ ላይ ባነር ሰቀለ። ባነሩ የሚለው ባጭሩ፣ ከእንግዲህ መንግሥት ሙሉ ቀለብ አይሰፍርልንም፣ የጎደለውን እኛው ሠርተን እንሞላለን ነው። አጻጻፉ ግን ከዚህ ይረዝማል፤ መሃል ላይ ነፋስ ስለቀደደው የቀረውን አላነበብንም። የሰፈሩ ሰው አየት አድርጎ አለፈ። የጎረቤት ልጅ አድጎ ራሱን ችሎ ከቤት ሲወጣ ምን ይባላል? በርታ ነው የሚባለው። እኛም በርታ አልነው።

በረታ። መጀመሪያ ወተት ሸጠ። ቀጥሎ ዳቦ ጋገረ። የምረቃ አዳራሹን ለሠርግ አከራየ። መኪና ማጠቢያ ከፈተና ለውኃ ምህንድስና ክፍል ሰጠው፤ እዚያ የታጠበ መኪና ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደወጣ የሚያሳይ ንድፍ ተሰጥቶት ነው የሚወጣው። የፊዚክስ ክፍሉ የሥጋ ቤቶችን ሚዛን በክፍያ መመርመር ሲጀምር ሀይሌ ጋርመንት ዙሪያ ለጥቂት ቀን ሥጋ ጠፋ። የአየር ትንበያው ክፍል ደግሞ ለሠርግ የሚሆን ደረቅ ቀን እየመረጠ ይሸጥ ነበር። አንዱ ሠርግ ላይ በረዶ ወረደ። ለባለሠርጉ ገንዘቡን መለሱለት፣ በረዶውን ግን አፍሰው ለጭማቂ ቤት ሸጡት። ይህን የነገረኝ የግቢው ጥበቃ ነው፤ ውሸት ከሆነ የእሱ ውሸት ነው።

እኔ ማኑሄ እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት መታጠፊያው ላይ ደላላ ነኝ። ቤት አከራያለሁ፣ መኪና አሻሽጣለሁ፣ የጠፋ ሰው ካለም በቅናሽ እፈልጋለሁ። ከትምህርት ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ነበርን፣ ከዚያ በስምምነት ተለያየን።

ጓደኛዬ ኮርሳ የኦቦ ቱሉ ልጅ ነው፤ ፉሪ ተወልዶ ፉሪ ያደገ። አባቱ ዛሬም ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ጤፍ ይዘራሉ። እሱ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ቤተልሄምን ይወዳታል። ቤተልሄም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራው፤ እሷም ትወደዋለች። እንደምትወደው ያወቅሁት ቢሮዋ ሄዶ ሲሰለፍ አንድም ቀን አስቀድማው ስለማታውቅ ነው። ሰው እንዳያወራባቸው ትፈራ ነበር። እኔን ግን ሁልጊዜ ታስቀድመኛለች፤ ከእኔ ጋር ማንም አያወራባትም።

ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ከበበው ነፋስ ስልክ አሮጌው ሰፈር የሚኖሩ፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትምህርት ይወዳሉ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የወሰዱት ሥልጠና ሁሉ በፍሬም ተሰቅሏል፤ የእሳት ማጥፊያ አያያዝ ሳይቀር። ባለፈው ጥቅምት ኦቦ ቱሉ ወንድሞቻቸውን ሽማግሌ አድርገው ላኩባቸው። ደንቡ ይታወቃል። ሽማግሌ በጠዋት ይሄዳል። ተቀመጡ ሲባል፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ ይቆማል። የልጅቱ አባት እሺ ካሉ ይቀመጣል፣ ይበላል። እምቢ ካሉ ደግሞ ቆሞ እንደመጣ ቆሞ ይመለሳል።

አቶ ከበበው ጠየቁ፤ "ልጁ ትምህርቱ ምን ድረስ ነው?"

ትልቁ አጎት እውነተኛ ሰው ናቸው። "በር ይሠራል" አሉ።

"በር መሥራቱን አልጠየቅሁም።"

"ጥሩ በር ነው የሚሠራው።"

ቆመው ተመለሱ። ሲሸኟቸው አቶ ከበበው በር ላይ እንዲህ አሉ፤ "ልጄ ባለዲግሪ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ በሬን ደግሜ እከፍትላችኋለሁ። ትምህርት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ። ያም ካልሆነ ግን ሦስተኛ የለም።" ቤተልሄም ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት ከቤቴ አልወጣም ብላ ቆርጣለች። እንግዲህ የኮርሳ ነገር በአንዲት ጠዋት ላይ ተንጠለጠለ።

አንድ ቀን ሱቁ ሄጄ ተቀምጬ ሳለ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና፣ "ማኑሄ፣ የተማረ ሽማግሌ ከየት ይገኛል?" አለኝ።

"ስንት ትፈልጋለህ?"

"አትቀልድ አቦ።"

"ማን ቀለደ? ዩኒቨርሲቲው ወተት ካወጣ ሰው የማያወጣበት ምን ምክንያት አለ? እንከራየዋለን።"

"ሰው ይከራያል እንዴ?"

"ጀነሬተር ትከራይ የለም እንዴ?"

"ጀነሬተር አይመርቅም።"

"ለዚህ ነዋ ሰው የሚወደደው።"

ዶክተር ወጋየሁ የሚባሉ የውስጥ ገቢ ዳይሬክተር አሉ። ድሮ ፍልስፍና ነበር የሚያስተምሩት። ቢሯቸው ስገባ ጠረጴዛው ላይ ለናሙና አንድ ዳቦ፣ አንድ ጠርሙስ ወተትና አንድ ብሎኬት ተደርድሯል። ጉዳዬን ነገርኳቸው። አልሳቁም። ብሎኬቱን ወደ ዳር ገፋ አድርገው አሰቡ።

"ሽምግልና ማለት የአንድን ወገን ጥያቄ ለሌላ ወገን በአሳማኝ መንገድ ማቅረብ ነው። አይደለም?"

"እንደዚያ ነገር ነው ዶክተር።"

"እንግዲያው ማማከር ነው።"

"እስከ ዛሬ በነጻ ነበር የሚሠራው።"

"የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሆነ በነጻ ነው። ማማከር ከሆነ ይከፈልበታል።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"መከፈሉ" አሉኝ።

ከዚያ ምርጫ አቀረቡልኝ። ሙሉ ፕሮፌሰር አለ፣ ተባባሪ አለ፣ ረዳት አለ። ሌክቸረር ግን ለሽምግልና አይመከርም፣ ገና ራሱ ሽማግሌ ይልካል። "በገዋን ነው ያለ ገዋን?" ብለው ጠየቁኝ። ለውጥ አለው ወይ ስላቸው፣ በገዋን ከሆነ እጥበቱ በእናንተ ነው አሉ። ከፉሪ እስከ ነፋስ ስልክ ያለው መንገድ የመስክ ሥራ ስለሆነ አበል አለው። ኮርሳ ያጠራቀመው ለአንድ ፕሮፌሰርና ለአንድ ዶክተር በቃ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይሄድም።

"ሦስተኛው እኔ እሆናለሁ" አልኩ።

"የትምህርት ደረጃህ?"

"ለቁጥር ነው ዶክተር።"

"ለቁጥር ከሆነ እንፈቅዳለን። ግን አትናገርም።" ጣታቸውን አነሱ። "አንድ ነገር ልብ በል። ባለሙያዎቻችን ያላጠኑትን አይመሰክሩም። ልጁን መጀመሪያ ያጠኑታል።"

በማግስቱ መጡ። ፕሮፌሰር ደምሰው የአፈር ምሁር ናቸው፤ ዶክተር ሞልቱ የስታትስቲክስ። ፕሮፌሰሩ ከኮርሳ ሱቅ ደጃፍ አንድ እፍኝ አፈር አንስተው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

"ጥቁር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የሚሠራበት ሰው መሠረቱን ጠለቅ ማድረግ አለበት።"

ኮርሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ፕሮፌሰር፣ ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ መሬቱ?" አላቸው።

"ለጊዜው ስለ መሬቱ ነው።"

ዶክተር ሞልቱ መንገዱ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሰው እየቆጠረ፣ አምስተኛውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ስለ ኮርሳ ጠየቀ። ጊዜው የታክሲ ሰልፍ የሚበዛበት ነበር። የተጠየቀው ሁሉ ቦርሳውን አቅፎ የሚሮጥ መንገደኛ ነው፣ ኮርሳን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። አመሻሽ ላይ ዶክተሩ ውጤቱን ነገረን፤ ከተጠየቁት ውስጥ አንድም ሰው ስለ ልጁ ክፉ ነገር አልሰማም።

"ጭራሽ አያውቁትም እኮ" አልኩት።

"እሱ በግኝቱ ላይ ለውጥ አያመጣም።"

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ታክሲ ተራ ላይ ውዬ እንዴት ዝም እላለሁ? ለኮርሳ የሚሄዱት ሽማግሌዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ለወያላዎቹ ጥቂት ነገርኳቸው። ፕሮፌሰሩ አፈር በምላሳቸው ቀምሰው ያረሰውን ሰው አያት ስም ይናገራሉ አልኩ። ዶክተሩ ሰው ሳይታመም ለቅሶው ላይ ስንት ድንኳን እንደሚያስፈልግ ያሰላል አልኩ። በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ነፋስ ስልክ ሲደርስ ግን መንገድ ላይ ብዙ ነገር ጭኗል። አቶ ከበበው ጆሮ ሲገባ ደግሞ ሰውየው ደነገጡ። እንዲህ ባለ ሊቅ ፊት ብቻዬን ቆሜ ምን ልመልስ ነው አሉ። ምን እንዳደረጉ እኛ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ምሁራን በቀይና ጥቁር ገዋን፣ ዘርፍ ያለው ባርኔጣ ደፍተው፣ እኔ የታናሽ ወንድሜን ኮት ለብሼ ደረስን። የሰፈሩ ልጆች ምረቃ መስሏቸው ተከተሉን። ኮርሳ በደንቡ መሠረት አልመጣም፤ ማለትም ከመንገዱ ጫፍ የተዋሰው አይሱዙ ውስጥ ሱፉን ለብሶ ተቀምጧል።

በሩን የከፈተችው ቤተልሄም ናት። ገዋኖቹን በአክብሮት ጎንበስ ብላ አሳለፈችና እኔ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ማኑሄ፣ አንተም ሽማግሌ ሆንክ?"

"ለቁጥር ነው።"

"ቁጥር አይናገርም። ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

ሳሎን ገባን። አቶ ከበበው ከረባት አስረው ሶፋው መሃል ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ገዋን ለብሰዋል። ቀይና ጥቁር ነው። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

ዶክተር ሞልቱ ቆም አለ። "ዶክተር ዘነቡ" አለ።

"ሞልቱ፣ ደኅና አደርክ።"

"አንቺም በማማከር ነው?"

"በማማከር ነው። ዓርብ ነው ውል የተፈራረምነው።"

አቶ ከበበው ተራ በተራ አዩዋቸው። "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?"

"ቢሯችን አንድ ኮሪደር ላይ ነው" አሉ ፕሮፌሰር ደምሰው።

ቀስ ብዬ ወደ በረንዳ ወጣሁና ለዶክተር ወጋየሁ ደወልኩ። "ዶክተር፣ የልጅቱም አባት ከእናንተው ነው የተከራዩት።"

"በጣም ጥሩ" አሉ።

"ይጋጫል እኮ።"

"ምኑ ይጋጫል? ደንበኞቹ የተለያዩ ናቸው። ደረሰኙም የተለያየ ነው።" ስልኩን ዘጉት።

ስመለስ አቶ ከበበው በደንቡ "ተቀመጡ" እያሉ ነው፤ ፕሮፌሰር ደምሰውም በደንቡ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ጀምረዋል። ዶክተር ዘነቡ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ፕሮፌሰር፣ የወገብዎ ነገር እንዴት ሆነ?"

"ዛሬስ ክፉኛ ነው።"

"ታዲያ ቁጭ ይበሉ እንጂ። እርስ በርሳችን ነን።"

ፕሮፌሰሩ ቁጭ አሉ። ፕሮፌሰር ተቀምጠው ዶክተር አይቆምም፣ ሞልቱም ተቀመጠ። የአቶ ከበበው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉመቤት በመጋረጃው በኩል ይህን አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የሽማግሌ ነገር ሳይጀመር ሲያልቅ አይተው አያውቁም። ለእኔ ወንበር አልነበረም። ግድግዳ ተደግፌ ከእሳት ማጥፊያው ሰርተፊኬት አጠገብ ቆምኩ።

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ልጁ ተናገሩ። ሲናገሩ ሽምግልና አልመሰለም። የጥናቱ መነሻ አሉ፤ የጥናቱ ዓላማ አሉ፤ የጥናቱ ውስንነት አሉ። ውስንነቱ ላይ ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ዶክተር ዘነቡ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ለምን ይህች ልጅ? ከሌሎች ልጆች ጋር ተነጻጽራለች?"

"አልተነጻጸረችም" አለ ዶክተር ሞልቱ። "ናሙናው አንድ ነው።"

"በአንድ ናሙና ትዳር ይቆማል?"

ከመጋረጃው ጀርባ የቤተልሄም ድምፅ መጣ። "ስንት ፈልገው ነው ዶክተር?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ ዶክተር ዘነቡ፤ ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አመልካቹ ራሱ የት አለ?" አሉ።

አቶ ከበበው ተቁነጠነጡ። "ሙሽራው በሽምግልና ቀን አይመጣም። ነውር ነው።"

"ባለጉዳዩ በሌለበት መመዘን አንችልም።"

ሁለቱም ወገን አንገታቸውን ነቀነቁ። ሄደህ ጥራው ተባልኩና ኮርሳን ከአይሱዙው አወረድኩት።

"ሰጡኝ?" አለኝ።

"ሊጠይቁህ ነው።"

"ማን?"

"የእኛዎቹ። የእነሱም። ሁሉም የእኛ ናቸው፤ ግባና ታያለህ።"

ገብቶ ሳሎኑ መሃል ቆመ። በአምስት ዓመት ውስጥ ራስህን የት ታያለህ ተባለ። እዚሁ ነፋስ ስልክ አካባቢ አለ። ለትዳር ያለህ የተለየ አስተዋጽኦ ምንድን ነው ተባለ። አስቦ፣ "በር" አለ። አቶ ከበበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትምህርት ለምን አልቀጠልክም ሲባል፣ "እኔ ቀጥዬ ነበር፣ ውጤቱ ነው ያልቀጠለው" አለ። ዶክተር ሞልቱ ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም።

"እንግዲህ ዳኞቹ ብቻችንን እንመካከር" አሉ ፕሮፌሰር ደምሰው። "ሌሎቻችሁ ውጭ ጠብቁን።"

ኮርሳ ወጣ። እኔ ወጣሁ። አቶ ከበበው አልተነሱም።

"አቶ ከበበው፣ እርስዎም" አሉ ዶክተር ዘነቡ።

"እኔም? ይህ ቤቴ ነው።"

"ቤቱ የእርስዎ ነው። ውይይቱ ግን የባለሙያ ነው።"

"የተከራየሁዎት እኔ ነኝ እኮ።"

"ለዚህም ነው ገለልተኛ መሆን ያለብን።"

አቶ ከበበው ሊከራከሩ ፈለጉ፤ ግን የተማረ ሰው ነው የተናገራቸው፣ ያውም በገዋን። ተነሱ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ለሽማግሌ ያዘጋጁትን ዶሮ ወጥ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ፕሮፌሰሩ፣ "እሱ እዚሁ ይቆይ" አሏቸው።

ግቢው ውስጥ፣ የውኃ ሮቶው ሥር፣ አምስታችን ቆምን። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ልጅቱን የሚፈልጋት ልጅ፣ እና እኔ። ማንም ማንን ማየት አልፈለገም። የሽምግልና ቀን ሙሽራና አማት ሮቶ ሥር አንድ ላይ ሲቆሙ በአገራችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ድምፃቸው ይሰማል። አንድም ጊዜ የቤተልሄምን ስም አላነሱም። የሚያወሩት ስለ ግቢው መኖሪያ ቤት ነው፤ ማን ተሰጠው፣ ማን ተነፈገ። ቀጥሎ ማን ዲን እንደሚሆን አወሩ። መሃል ላይ የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

"ወጡ እያለቀ ነው" አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት።

"ሳይወስኑ በሉ?" አሉ አቶ ከበበው።

"እንቁላሉን ጨርሰዋል።"

ብዙ ቆይቶ ዶክተር ዘነቡ ወረቀት ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ።

"ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል" አሉ። ኮርሳ ትንፋሹን ለቀቀ። "ከከፍተኛ ማሻሻያ ጋር። አመልካቹ ጉድለቱን አስተካክሎ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይመዝገብና ይቅረብ።"

"እንደገና ውል ማለት ነው?" አልኩ። ቁጥር እንደማይናገር ረስቼ ነው።

"እንደገና ውል ነው። ሁለተኛ፣ የወላጅ ተቃውሞ በማስረጃ ያልተደገፈ ሆኖ አግኝተነዋል። አቶ ከበበው ዩኒቨርሲቲው በማታው ክፍለ ጊዜ የሚሰጠውን አጭር ሥልጠና እንዲወስዱ እንመክራለን።"

አቶ ከበበው ልብሳቸውን አስተካከሉ። "ሰርተፊኬት አለው?"

"አለው።"

ሰውየው ሲወላውሉ በዓይኔ አየሁ። ግድግዳው ላይ ቦታ እየፈለጉለት ነበር።

"የምን ሥልጠና ነው?"

"የልጅ አዳዳር።"

"እንዲህ ያለ ሥልጠና መቼ ተጀመረ?"

"አሁን ምሳ ላይ ነው የተስማማንበት። ፈላጊ መኖሩን አረጋግጠናል። ክፍያውን ዳይሬክቶሬቱ ያሳውቅዎታል።" ቃለ ጉባኤውን ለመጨረስ ተመልሰው ገቡ።

ኮርሳ ወደ ቤተልሄም ሳይዞር፣ "ስድስት ወር ምንም አይደለም፣ እጠብቃለሁ" አለ።

"ስድስቱን ስትጨርስ ሌላ ስድስት ይሰጡሃል" አለች። "ወረዳ ነው የምሠራው፣ አውቀዋለሁ።" ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብለህ ነበር። ያቺ አንድ ጊዜ ይቺ ናት። ዛሬ ከዚህ በር ባዶ እጁን ከወጣ ተመልሶ እንዲመጣ አልጠይቀውም። እኔም አልከተለውም፤ ቃሌን ታውቃለህ። እዚሁ እቀራለሁ።"

አቶ ከበበው በረንዳው ላይ ወጥተው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተናገሩ። "ፕሮፌሰር፣ ብድግ ይበሉና ቃሌን ይቀበሉኝ። መልስ ልሰጥ ነው።"

"ውሳኔው ተሰጥቷል" የሚል ድምፅ መጣ። "ማሻሻያ ካለ በአዲስ ውል ነው።"

አቶ ከበበው እዚያው ቆሙ። የአንገታቸው ጀርባ ቀላ። "እነዚህ ሰዎች ልጅ እየዳሩ ነው ወይስ ኮርስ እየሸጡ?" አሉ፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ አላወቅንም። ወርደው ወደ ሮቶው ተመለሱ። ቃል የሚሰጠው ለሙሽራ አይደለም፤ ለሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ሲዞር ሲዞር እኔ ላይ አረፈ።

"አንተ ማነህ?"

"ማኑሄ ነኝ ጋሼ።"

"ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው የመጣኸው?"

"ለቁጥር ነው።"

"ቤቴ ውስጥ ተቀምጠሃል?"

"ወንበር አልነበረም።"

"በልተሃል?"

"ማን ሰጥቶኝ።"

"እንግዲያው ሽማግሌው አንተ ነህ።" ፊታቸው ግን አልተፈታም። "ትምህርትህ ምን ድረስ ነው?"

"ስምንተኛ።"

ጥቂት ጊዜ ሮቶውን አዩ። "ልጁን ታውቀዋለህ?"

"ከልጅነታችን ጀምሮ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ። ገደል የገባ አይሱዙ ብቻውን ጎትቶ ማውጣቱ፣ ከጅብ ጋር በር መሳቡ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ተናግሬዋለሁ፣ ሁሉም በደንብ ተሰምቷል። ኮርሳ መሬት መሬት ያያል። ቤተልሄም እኔን ታያለች።

"ባለፈው ክረምት ለአንዲት ሴትዮ በር ሠርቶ ነበር" አልኩ። "ልኩን ተሳስቶ አጠበበው። ሴትዮዋ አላወቀችም። ገጠመላት፣ መረቀችው፣ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ነቀለውና በሌላ ቀየረላት። ሰው ካላወቀ ምን አስጨነቀህ ስለው፣ እኔ አውቀዋለሁ አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ይኸው ነው?"

"ከዚህ ካለፍኩ ውሸት እየገባበት ይሄዳል ጋሼ።"

አቶ ከበበው ዞረው ኮርሳን አዩት። ጠዋቱን ሙሉ እንደዚያ አላዩትም። "ሴትዮዋ ስትመርቅህ ምን ተሰማህ?" አሉት።

"ሌሊቱን አልተኛሁም" አለ ኮርሳ።

"ከበበው" አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። ከዚህ በቀር ምንም አልጨመሩም።

አቶ ከበበው ከረባታቸውን አላሉ። ወደ እኔ ቀረቡ። "ካስከፋት የምመጣው ወደ እሱ አይደለም። ወደ አንተ ነው።"

"ይምጡ" አልኩ። እንዲህ ብዬ ሰው ወደ ራሴ ጠርቼ አላውቅም።

"ሰጥቻለሁ።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ሽማግሌ የሚያደርገውን ሲያደርግ አይቼ አውቃለሁ። ኮርሳ መኖር በሌለበት ቦታ ስለተገኘ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ተከትሎኝ ሳማቸውና ቀና ሲል ግራ ገብቶት እኔንም እንደማያውቀኝ ሰው ጨበጠኝ። ቤተልሄም ፊቷን ወደ ሮቶው አዞረች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያ እንደገና ፊቷን።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ነጠላቸውን አጣፉና ከአጥር እስከ አጥር እልል አሉ። ጎረቤት ሁሉ በየአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

ፕሮፌሰር ደምሰው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

"እባካችሁ" አሉ፣ "ስብሰባ ላይ ነን።"